ስለ ሴቶች የክርክር ማኅበርና ስለ ሴት ልጅ ትምህርት

ክቡራን መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፤ በዚህች ጽሑፍ የምንገልጠው ሴቶች እየተሰበሰቡ ስለ ትምህርትና ስለ ሕግ የሚከራከሩበት ማኅበር በውጭ አገርም በአገራችንም እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ምን ፍሬም እንደ ሰጠ ነው። የውጭውን አገር ነገር ስንናገር ዓመቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር እናደርጋለን፤ የአገራችንን ስንናገር ግን ዓመተ ምሕረት ብለን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን። አንባቢ ይህን ልብ ይበል።

ማኅበር ማለት ለአዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በግምጃ ቤትና በአንከሻ ዙሪያ ባሉት አጥቢያዎች በየወሩ የማርያምን፥ የሚካኤልን፥ የጊዮርጊስን ጽዋ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው፤ ሰንበቴውም እድሩም በየደብሩ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ስሙ ከአገራችን አልፎ እስከ ሩቅ ተሰምቶአል። ስለዚህ ሰው ተሰብስቦ በሥርዓት ሲቀመጥ፥ ሙሴ ሲሾም፥ ተራ ሲይዝ፥ የቀረውን ሲቀጣ ምን ጥቅም እንዳለው ለናንተ መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆናል። ማስረዳት የሚያሻው በማኅበሩ መካከል ማን ይናገራል የሚለው ነገር ነው።

ሴቶቻችን በማርያም ማኅበር ብቻቸውን በተቀመጡ ጊዜ ስለ ልጅ ማሳደግ፥ ስለ እህል ዋጋ፥ ስለ ጎረቤት ጠብ እጅግ በሚያስደንቅ ማስተዋል ይነጋገራሉ፤ የተጣላውንም ያስታርቃሉ። ያው ነገር ወደ ዛፍ ጥላ ወጥቶ በሽማግሌ ፊት በቀረበ ጊዜ ግን ያችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ዝም ትላለች፤ ስለ እርስዋም ባልዋ ወይም ወንድምዋ ይናገርላታል። ዕውቀት አልጐደላትም፤ የጐደላት በሰው ፊት ቆሞ መናገርን መልመድ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደሚገኝ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

በ1865፥ በአገራችን ዓፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ የስኮትላንድ ዋና ከተማ በምትሆን በኤዲንብራ ሣራ ሜር የምትባል ዕድሜዋ 19 ዓመት ያህል የሆነ ወጣት ነበረች። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝን መንግሥት ትገዛ የነበረች ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ከዙፋኑ ላይ ሴት ትቀመጥ እንጂ የአገሩ ሴት ግን ከዩኒቨርሲቲ መግባት፥ ለፓርላማ መምረጥ አይፈቀድላትም ነበር። የባለጠጋ ልጅ ብትሆን ጥልፍና ሙዚቃ፥ ጥቂትም የፈረንሳይ ቋንቋ ትማርና ባል እስኪመጣላት በእናትዋ ቤት ትቀመጣለች፤ የድኻ ልጅ ብትሆን ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ሰው ቤት ሥራ ትሄዳለች። ሣራ ሜርም ጓደኞችዋን ሰብስባ በወር አንድ ጊዜ በወላጆችዋ ቤት በምግብ አዳራሽ እየተገናኙ ድርሰት የሚያነቡበትንና የሚከራከሩበትን ማኅበር አቆመች። ማኅበሩ በኋላ የኤዲንብራ ወይዛዝርት የክርክር ማኅበር ተባለ። ልጆቹ የጻፉትን የሚያሳትሙበት መጽሔትም ነበራቸው፤ ስሙንም «ሙከራ» አሉት። ለጀማሪ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ትሕትና ያለው ስም አይገኝም።

ክርክር ሲባል ግን ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። ከጉባኤው ቀን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመረጣል፤ አንዲቱ ነገሩን ደግፋ፥ ሁለተኛይቱ ተቃውማ ትናገራለች፤ ቀጥሎም ከተቀመጡት የፈቀደች ሁሉ በተራዋ ትጨምራለች፤ በመጨረሻም ድምፅ ተቈጥሮ የብዙዎቹ ሐሳብ በመዝገብ ይጻፋል። ይህ ሥርዓት ለሽማግሌዎቻችን የታወቀ ነው። በቀድሞው የአገራችን ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጥ ነበር፤ የባላጋራውን ቃል በሚገባ ያልሰማ ሰውም መልስ አያገኝም ነበር። የኤዲንብራዎቹ ልጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ የተሟገቱት ስለ ርስት ሳይሆን ስለ ሐሳብ መሆኑ ነው።

አሁን የሚነገረው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። ሴቶች ለፓርላማ የመምረጥ መብት ይገባቸዋልን? የሚለው ጥያቄ በዚህ ማኅበር መጀመሪያ በቀረበ ጊዜ ከወይዛዝርቱ የሚበዙት አይገባም ብለው ፈረዱ። ወንድ አልከለከላቸውም፤ በአዳራሹ የነበሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ያው ጥያቄ ደግሞ ሲቀርብ የሚበዙት ይገባል ወደ ማለት ተመለሱ። በመካከሉ ምን ተደረገ ብንል፥ በየወሩ መናገርና መስማት ነው። ሐሳብዋን በሰው ፊት አቁማ ስትከላከል የኖረች ሴት ሐሳብ የለሽም ሲሏት እሺ ብላ አትቀበልም።

በዚያው በ1865 በእንግሊዝ ዋና ከተማ በሎንዶን ደግሞ የኬንሲንግተን ማኅበር የሚባል ሌላ የሴቶች ማኅበር ተነሣ። ከሩቅ ያሉት ማኅበርተኞች ለተሰጠው ጥያቄ መልሳቸውን በጽሑፍ ይልኩ ነበር፤ በከተማው ያሉት ደግሞ ተሰብስበው ይከራከራሉ። እነዚህ ከኤዲንብራዎቹ ፈጠን ያሉ ነበሩና በመጀመሪያው ዓመታቸው ስለ ምርጫ ተከራክረው የሚበዙት ይገባል አሉ። ወዲያውም 1500 ያህል ሴቶች የፈረሙበት አቤቱታ አዘጋጁ። በ1866 ሁለት ወይዛዝርት ያን ትልቅ ጥቅልል ተሸክመው ወደ ፓርላማው አዳራሽ በመጡ ጊዜ ሰው እንዳያፌዝባቸው ፈርተው በደጁ ፖም ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ከመደብዋ ሥር አሸሸጉት ይባላል። ከዚያ በኋላ የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል መጥቶ ተቀበላቸው። በሚከተለውም ዓመት ሚል ነገሩን በፓርላማ አቅርቦ 73 ሰዎች ሲደግፉት 196 ተቃወሙት። የእንግሊዝ ሴቶች ከ30 ዓመት በላይ የሆኑት፥ እነርሱም ሁሉ ሳይሆኑ ንብረት ያላቸው፥ መምረጥ የተፈቀደላቸው በ1918 ነው፤ ከወንድ ጋር እኩል የሆኑት በ1928 ነው። ከዚያ ከፖም መደብ ሥር እስከዚህ ድረስ 62 ዓመት ይሆናል።

ትምህርት ግን ከምርጫው ቀደመ፤ ይህንንም ለመምህራን ስንል ሰፋ አድርገን እንናገራለን። የኬንሲንግተን ማኅበር ጸሐፊ የነበረችው ኤምሊ ዴቪስ በ1869 በ5 ተማሪዎች ብቻ የሴቶች ኮሌጅ ከፈተች፤ እርሱም በኋላ በኬምብሪጅ ጊርተን ኮሌጅ የተባለው ነው። ሆኖም ኬምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው። በኤዲንብራ በ1869 ሕክምና ለመማር የገቡት ሴቶች ከወንዶቹ ተማሪዎች ብዙ መከራ አገኛቸው፤ በ1870 ለፈተና ወደ ቀዶ ሕክምናው አዳራሽ ሲሄዱ ሕዝብ ከደጅ ቆሞ ጭቃ ወረወረባቸው፤ ትምህርታቸውን ቢፈጽሙም ዩኒቨርሲቲው ማዕርግ ከለከላቸው። የክርክሩ ማኅበር ሴቶች ይህን እያዩ ወደ ኋላ አላሉም። ከአገር ርቀው ላሉት ልጃገረዶች በደብዳቤ ትምህርት መላክ ጀመሩ፤ በ1886 ሴቶች መምህራን የሚሠለጥኑበትን፥ በ1888 ደግሞ ልጃገረዶች የሚማሩበትን የቅዱስ ጊዮርጊስን ትምህርት ቤት አቆሙ። ዩኒቨርሲቲውም በ1892 በሩን ከፈተላቸው። ሣራ ሜር ማኅበሩን 70 ዓመት ያህል መርታ በ1941 አረፈች። ልብ በሉ፤ አስቀድመው የከፈቱት የመምህራንን ማሠልጠኛ ነው፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት የተከተለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አስተማሪ ሳይኖር ቤት መሥራት ምን እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቪክቶሪያ ዘመን ያየነው ነገር በኛም ዘንድ ተደርጎአል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በዙፋን ሲቀመጡ፥ ከርሳቸው ቀደም እቴጌ ጣይቱ በአድዋ ዘመቻ ሲመክሩና ሲያዋጉ፥ ከዚያም በፊት እቴጌ ምንትዋብ በጐንደር መንግሥት ሲያስተዳድሩ፥ የባላገር ሴት ልጅ ፊደል ሳትቈጥር ትኖር ነበር። ሴት ከላይ መንገሥዋ ብቻውን ከታች ያለችውን አያናግራትም።

ይሁን እንጂ ሴት የተማረችበት ዘመን ከቶ አልነበረም ማለት አይገባም። በጣና ገዳማት ማኅበር አቁማ መነኮሳትንና መነኮሳይያትን የመራችው ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ300 ዓመት ይበልጣል። በዘመናችን ቅርብ ደግሞ በጎጃም የታወቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፥ በጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተምረዋል። የቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ተማሪ ቈጥሮ ያመጣውን ቅኔ በጆሮ ብቻ ሰምቶ ስሕተቱን ማረም፥ ምሥጢሩን ማራቀቅ፥ በደቀ መዝሙር ጥያቄ አለመሸነፍ ከክርክር ሁሉ የከበደ ነው። በአንድ ሊቅ ቤት ስለ ተወለዱ ይህን አገኙ፤ በሌላው ቤት የተወለዱት ስንቱ ገላነሽ ሳይታወቁ እንደ ቀሩ እግዚአብሔር ያውቃል።

ዘመናዊ ትምህርት ወደ አገራችን በገባ ጊዜም ቀደምትነቱ የወንድ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ሴቶች ልጆች የራሳቸውን ትምህርት ቤት እስኪያገኙ 23 ዓመት ያህል ጠበቁ፤ እርሱም በእቴጌ መነን ስም በአዲስ አበባ የተከፈተው ነው። የተከፈተው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በታወጀበት በ1923 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዛሬ የካቲት 12 ትምህርት ቤት ይባላል። በ1927 ዓ.ም. ገደማም፥ ኢጣልያ ወሰናችንን ለመጣስ ስትዘጋጅ፥ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን ጠባቂነት ተመሠረተ። ሴቶቹ ለጦር ሠራዊቱ የቁስል መጠቅለያና ልብስ፥ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል መሸፈኛም ያዘጋጁ ነበር። በወረራው ዘመን ማኅበሩ በግልጥ መሥራት ባይቻለውም ሴቶች በስውር ለአርበኞች ስንቅና ወሬ ያቀብሉ ነበር። ከነጻነት በኋላ እንደ ገና ተቋቁሞ የእጅ ሥራና የጤና ነገር ያስተምር ጀመር። የኛው ማኅበር ከኤዲንብራው በዚህ ይለያል፤ የተወለደው በመከራ ቀን ነውና ከመከራከር አስቀድሞ መሥራት ግድ ሆነበት። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ አገር ሲቃጠል ማን ድርሰት ያነባል።

ከማኅበሩ ዋና ዋና ሠራተኞች አንዲቱ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በስደቱ ዘመን በሎንዶን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛይቱም ተማሪ ሌሊት እየተጠበቁ፥ በሽተኛ እያጠቡ የነርስነት ትምህርት ፈጸሙ። የንጉሥ ልጅ ይህን ማድረግዋ በዚያን ጊዜ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው አግብተው በነቀምት ሳሉ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለርሳቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ስታሰባስብ የነበረች ሴት ሲልቪያ ፓንክረስት ናት፤ በዚህ ስፍራም ሁለቱ ታሪኮች ይገናኛሉ። ሲልቪያ በ1882 በማንቸስተር ተወለደች። የ7 ዓመት ልጅ ሳለች፥ በ1889፥ አባትና እናትዋ በሎንዶን ቤታቸው የሴቶችን የምርጫ መብት የሚጠይቅ ማኅበር አቆሙ፤ ልጅቱም በዚያ ስብሰባ በሚደረግበት ቤት አደገች። በአደገችም ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ታሰረች። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ደግሞ በ1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ አቋቁማ 20 ዓመት ያህል አሳተመች። በሎንዶን መንግሥትና ጋዜጦች ስለ ኢትዮጵያ ዝም ማለት በወደዱበት ጊዜ ዝም ያላለች እርስዋ ናት፤ አለመፍራትን የተማረችው በዚያ በወላጆችዋ ቤት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በ1956 ከልጅዋ ከሪቻርድ ጋር መጥታ በአዲስ አበባ ተቀመጠች፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ዐረፈች። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀብራለች።

ስለ ምርጫው ነገር በአገራችን የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በታወጀ ጊዜ 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድ ሴት ሳይባል፥ እንደራሴውን እንዲመርጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ወንዱም አልመረጠም ነበርና የአገራችን ሴት መብትዋን ያገኘችው ከወንዱ ጋር በአንድ ቀን ነው። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተፈጸመው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ፤ በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ጥቂት መጨመር ይገባል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ አገር ልከው አስተማሩአቸው። በወረራው ጊዜ ወደ ጎሬ ወርደው ከአርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተማርከው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሪ ሆነው ልጃገረዶቹን ስለ አርበኞች የጻፉትን ቴያትር በሰው ፊት ያጫውቱአቸው ነበር። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የሚለውን አሳተሙ። ልጃገረድ በመድረክ ላይ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገርዋ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ የክርክር ማኅበር ባይባልም ሥራው አንድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ወይዘሮ ስንዱ በተመረጡ ጊዜ ያስተማረቻቸው የስዊስ አገር ሴቶች ለአገራቸው ፓርላማ መምረጥ አይችሉም ነበር፤ የተፈቀደላቸው በ1971 ነው። ተማሪይቱ አስተማሪዎችዋን 14 ዓመት ያህል ቀደመቻቸው ማለት ነው። ፈረንጅ በነገር ሁሉ ይቀድማል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ነገር ግን ቶሎ የመጣ ነገር የራሱ ጉድለት አለበት። የእንግሊዝ ሴቶች መምረጥ ሳይፈቀድላቸው 50 ዓመት ያህል በየአዳራሹ መናገርን ለመዱ፤ ስለዚህ ሕጉ በመጣ ጊዜ አፍ ነበራቸው። የኛ ሴት ግን መምረጥዋ በአዋጅ ቀደመና መናገርዋ ወደ ኋላ ቀረ። የምርጫ ወረቀት በእጅዋ ይዛ ለማን ልስጥ ብላ ባልዋን የምትጠይቅ ሴት በገጠር ብዙ አለች። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ጽፎአል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተ ሰብ ሕግ 18 ዓመት ሳይሞላት ሴት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል፤ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የአገራችን ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ነበሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በቀበሌው ግን 12 ዓመት የሆናት ተማሪ ከክፍል ስትጠፋ ወዴት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ አንዳንድ ጊዜ አንድ መምህር ብቻ ነው፤ ልጅቱም ራስዋ አልፈልግም ማለትን ከማን ትማር?

በጽሕፈት ሥራ ላይ የኖርን ሰዎች ደግሞ በየጊዜው የምናየው ነገር አለ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም ጐን ለጐን ይለጠፋል። ይህ ለሴቶች ከተሰጠው መብት ሁሉ ለገበሬ ቤት የቀረበው ነው። ሆኖም መሬቱ ሲከራይ ወይም ውል ሲዋዋሉበት ሴትዮዋ ተጠርታ ትመጣለች፥ ጣትዋን በቀለም ነክራ ታትማለች፥ ምን እንዳተመች ግን አታነብም፤ ተነበበላት ቢባል እንኳ ይህ ለምን ሆነ ብላ አትጠይቅም። በኋላ ነገር ሲነሣ አሻራዋ ከወረቀቱ ላይ ይመሰክርባታል። ማንበብ የምትችል ልጅ ያለቻት እናት በዚህ ቀን ልጅዋን ይዛ ትመጣለች፤ ይህንም አይተናል። አንብባ ለእናትዋ በጆሮዋ የምትነግር ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዳለች፤ በጸሐፊውና በተዋዋዩ ፊት ቆማ ይህ ቃል ይቃና የምትል ልጅ ግን መንገዱን ጨርሳለች።

ከሽማግሌዎች ወገን የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን፤ አቃለንም አናልፈውም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት የሚያመጡ አሉ። ተረቱ የተነገረው ጉዳይን ወደ ዳኛ የሚያቀርብ ወንድ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን ዳኛይቱ ራስዋ ሴት ስትሆን በማን ሊያልቅ ነው? ከካህናት ወገን ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሴት በጉባኤ እንዳትናገር የከለከለውን ያነሣሉ። ያ ቃል የተነገረው ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሥርዓት ነው እንጂ ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ ቀበሌ ሸንጎ፥ ስለ ውል አይደለም። በሐዋርያት ሥራ አንደበተ ርቱዕ የነበረውን አጵሎስን ከባልዋ ጋር ወስዳ የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርታ ያስረዳችው ጵርስቅላ ናት፤ ዲቦራም ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር። የመጽሐፍ ሰው አንዱን ገጽ አንብቦ ሌላውን አይዘልም። ልጆቻችን ባለጌ ይሆናሉ ብሎ የሚፈራ አባት ደግሞ አለ፤ ይህ ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ የሚገባ ነው። ነገር ግን በተራ መናገር፥ የሌላውን ቃል እስኪጨርስ መስማት፥ በድምፅ ሲሸነፉ ዝም ብሎ መቀመጥ ጨዋነትን የሚያስተምር እንጂ ባለጌ የሚያደርግ አይደለም። ልጁ በጭቅጭቅ የሚያድገው ክርክር በማይታወቅበት ቤት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ማኅበር በትምህርት ቤታቸው ለማቋቋም የሚፈልጉ መምህራን ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ክፍል፥ አንድ መዝገብ፥ በወር አንድ ቀን ይበቃል። ቀኑን ስትመርጡ የገበያ ቀን አታድርጉት፤ በገበያ ቀን ሴት ልጅ ቤት ጠባቂ ናትና አትመጣም። ሰዓቱም ውሃ ከመቅዳትዋና ከብት ከማስገባትዋ በፊት ይሁን። ቋንቋውን ለልጆቹ ተዉላቸው። በአማርኛ ስትጠየቅ አንገትዋን የምትደፋ ልጅ በአውኚ ስትጠየቅ እንደ ጅረት ስትፈስ መምህር የሆነ ሰው ሁሉ አይቶአል፤ በአውኚ ተከራክራ ከለመደች በኋላ በአማርኛ መናገሩ አያስቸግራትም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከባድ አታድርጉት፤ ስለ ጋብቻና ስለ ርስት በመጀመሪያው ወር ቢከራከሩ ወላጅ ይቈጣል፥ ማኅበሩም በዚያው ይፈርሳል። በአገራችን እውነተኛ ክርክር ካለበት ነገር ጀምሩ። የእርሻ መሬትን ዲከረንስ ተክሎበት ከሰል ማክሰል ከገብስና ከድንች ይሻላልን? የታመመ ሕፃን አስቀድሞ ወደ ጠበል ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ? በነዚህ ነገሮች ልጃገረድ ከአባትዋ የተለየ ሐሳብ ቢኖራት አባትዋ አይቆጣም፤ ምናልባትም ማታ በእሳት ዳር ደግሞ ይጠይቃታል። ወንዶችንም አታስወጡ፤ ነገር ግን ሊቀ መንበርነቱና የመጀመሪያው ንግግር ለስድስት ወር የሴቶች ብቻ ይሁን፤ ያለዚያ ወንዶቹ ልጆች ልማዳቸው ነውና ጊዜውን ሁሉ ይወስዱታል። ሽማግሌዎች ተጋብዘው ከኋላ ተቀምጠው ይስሙ፤ ፍርድ እንዳይሰጡ ግን አስቀድሞ ይነገራቸው። ይህ ለሽማግሌ ከባድ ጾም እንደ ሆነ እናውቃለን።

የድምፁ ቍጥር መምህሩ ያልወደደው ቢሆንም እንደ ሆነ ይጻፍ፤ የኤዲንብራ ወይዛዝርት በራሳቸው ላይ የፈረዱትን ከመዝገባቸው አልፋቁትም። ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው ልጅ በየወሩ ትለወጥ፤ መዝገቡም ከመሪው ሣጥን ተቈልፎበት ሳይሆን ልጆቹ በሚያገኙት ስፍራ ይቀመጥ።